ጡረተኛ ሲያርፍ ለማህበራዊ ዋስትና እንዴት ይነገራል?

በጎጃም ለቅሶ ላይ ስለ ገንዘብ ማንሳት ነውር ነው። «የወረቀቱ ነገር ከአርባው በኋላ ይደርሳል» ይባላል። የሞት ምዝገባ ቀነ ገደብ ግን 30 ቀን ነው፤ ተዝካሩ ሳይደርስ ያልፋል። ስለዚህ ሰልስቱ እንዳለፈ ከቤተሰቡ አንድ ረጋ ያለ ሰው ምረጡና ጉዳዩን ይያዝ። ሐዘንተኛዋን ከመደብ ማስነሳት አያስፈልግም፤ አብሮ ይኖር የነበረ ሰው ወይም የቅርብ ዘመድ ማስመዝገብ ይችላል።

ከሁሉ በፊት የሟቹን የጡረታ ደብተርና የባንክ ካርድ አንድ ቦታ አስቀምጡ። ለተዝካር ብላችሁ በካርዱ ገንዘብ አታውጡ። ሞቱ ሳይነገር አበሉ በየወሩ መግባቱን ይቀጥላል፤ የገባው ግን የቤተሰቡ አይደለም፣ መልሱ ተብሎ ይጠየቃል። ያን ጊዜ ዕዳው የሚከብደው የሟቹ ሚስት ላይ ነው።

ቀጥሎ ሟቹ ይኖሩበት ወደነበረው ቀበሌ፣ ልደትና ሞት ወደሚመዘግበው የክብር መዝገብ ሹም ሂዱ። የሟቹን መታወቂያ፣ የአስመዝጋቢውን መታወቂያ፣ ሐኪም ቤት ካረፉም የሐኪም ቤቱን ማስረጃ ያዙ። ቤት ውስጥ ካረፉ ከቀብሩ ቤተ ክርስቲያን ወይም ከእድሩ የተጻፈ ማረጋገጫ ይረዳል። የሞት ምስክር ወረቀቱን ስትቀበሉ እዚያው ቆማችሁ ከጡረታ ደብተሩ ጋር ፊደል በፊደል አስተያዩት። ብዙ ሰው የሚመላለሰው እዚህ ላይ በሚፈጠር ስህተት ነው። ደብተሩ «ኃይለ ማርያም» ሲል ወረቀቱ «ሀይሌ» ይላል፤ ሚስቲቱ በሰፈር «እታገኝ» ስትባል ሰማንያዋ ላይ «ጥሩነሽ» ናት። የአያት ስምም ይጎድላል። ቀበሌ ላይ ወዲያው የሚታረመው ስህተት፣ ከሞጣ ወይም ከቢቸና ተነሥቶ የማህበራዊ ዋስትናው ቢሮ ድረስ ከተሄደ በኋላ ሲገኝ የሁለት ቀን መንገድና የአልጋ ወጪ ያስከትላል።

ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳተው ደግሞ ፍርድ ቤት ላይ ነው። ሁሉም ልጆች ተሰብስበው የወራሽነት ማስረጃ ያወጡና ጡረታውን እንካፈል ይላሉ። ጡረታ ግን ውርስ አይደለም። አበሉን የሚያገኘው ሕጉ «ተተኪ» የሚለው ሰው ነው፦ ሚስት ወይም ባል፣ ከ18 ዓመት በታች የሆነ ልጅ፣ በሟቹ ይጦሩ የነበሩ ወላጆች። ለሚስት ወይም ለባል የሟቹ አበል 50 በመቶ፣ ለእያንዳንዱ ልጅ 20 በመቶ ይታሰባል፤ ድምሩ ከሟቹ አበል አይበልጥም። የሠላሳ ዓመት ልጅ ቤቱንና መሬቱን ሊወርስ ይችላል፤ በጡረታው ላይ ግን ድርሻ የለውም። ይህን አስቀድሞ ለወንድምና ለእኅት መንገር ብዙ ጠብ ያስቀራል።

ስለዚህ ማዘጋጀት ያለባችሁ የተተኪነት ማስረጃ ነው። ለሚስት ሰማንያው ወይም የጋብቻ ምስክር ወረቀት፣ ለልጆች የልደት ምስክር ወረቀት ያስፈልጋል። በቁርባን ወይም በሽማግሌ ተጋብተው ወረቀት የሌላቸው፣ ሰርጉን የሚያውቁ ምስክሮች ይዘው በወረዳ ፍርድ ቤት ጋብቻቸውን ያስመስክሩ። እናትም አባትም የሌለው ልጅ ካለ ሞግዚት በፍርድ ቤት ይሾምለት።

ከዚያ ወደ ቢሮው። ሟቹ የመንግሥት ሠራተኛ ከነበሩ የመንግሥት ሠራተኞች፣ የግል ድርጅት ሠራተኛ ከነበሩ የግል ድርጅት ሠራተኞች ማህበራዊ ዋስትና አስተዳደር ነው፤ ሁለቱ የተለያዩ መሥሪያ ቤቶች ናቸው። በሥራ ላይ እያሉ ካረፉ መጀመሪያ የሚኬደው ወደ መሥሪያ ቤታቸው የሰው ሀብት ክፍል ነው፤ የአገልግሎትና የደመወዝ ማስረጃው ከዚያ ይወጣል። ዋናውንም ፎቶ ኮፒውንም ያዙ፤ ዋናውን ለማመሳከር አሳዩ እንጂ ትታችሁ አትምጡ። ያስገባችሁበትን ቀንና የመዝገብ ቁጥር ሳትቀበሉ ከመስኮቱ አትነሡ።

ተተኪዋ በራሷ ስም የባንክ ሒሳብ ትክፈት። ሞቱን ለሟቹ ባንክም ንገሩ፤ በሕይወት ሳሉ ተጠራቅሞ በሒሳባቸው የቀረ ገንዘብ ካለ፣ ያ ውርስ ነውና የወራሽነት ማስረጃው የሚያስፈልገው ለእሱ ነው።