ከአልጋ እስከ ሽንት ቤት፦ ዕድሜ ሲገፋ ቤትን ማቅለልና መያዝ እንዴት ይቻላል?

ባለፈው ሐምሌ፣ መብራት በጠፋበት አንድ ሌሊት፣ ወደ ሽንት ቤት ስሄድ ኮሪደሩ ላይ ወደቅኩ። ያደናቀፈኝ ጀሪካን ነው። እዚያ ያስቀመጥኩትም እኔው ነኝ። ሰፈራችን ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ስለሆነ፣ በመጣበት ቀን ያለኝን ዕቃ ሁሉ ሞልቼ በተገኘው ቦታ ደርድሬ ነበር። የእጄ አንጓ ወዲያው አበጠ። ጎረቤት ሁሉ "ወጌሻ ጋ እንውሰድሽ" አለኝ። ልጄ ግን "እማዬ፣ መጀመሪያ ራጅ" ብላ ድርቅ አለች። ደግ አደረገች። አጥንቱ ተሰንጥቆ ኖሮ ስድስት ሳምንት በጄሶ ከረምኩ።

በአንድ እጅ ቤት መያዝ ምን ማለት እንደሆነ ያየሁት ያኔ ነው። የምኖረው ከአዲስ አበባ ምሥራቅ ጫፍ፣ ካራ አካባቢ ነው። ቤቴ ግቢ አለው፣ ሰርቪስ አለው፣ የሠላሳ ዓመት ዕቃም አለው። ልጆቹ ወጥተዋል፣ ባለቤቴም አርፏል። ዕቃው ግን ይህን የነገረው ያለ አይመስልም፤ ለስድስት ሰው እንደተገዛ ተቀምጧል።

ቤት ስለማቅለል የሚሰጠው ምክር አብዛኛውን ጊዜ ከቁም ሳጥን ይጀምራል። እኔ አልስማማም። በእኛ ዕድሜ መጀመሪያ መጽዳት ያለበት እግር የሚረግጠው ቦታ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው፣ ሳይታሰብ ከሚደርሱ አደጋዎች ውስጥ መውደቅ ሰው በመግደል ከመኪና አደጋ ቀጥሎ ሁለተኛ ነው። በብዛት የሚሞቱበትም ከ60 ዓመት በላይ የሆኑ ሰዎች ናቸው። ቁም ሳጥኑ የትም አይሄድም።

1. መንገዱን ያጽዱ

ማታ ከመተኛትዎ በፊት መብራቱን አጥፍተው ባትሪ ይያዙ። ከአልጋ እስከ ሽንት ቤት፣ ከዚያ እስከ ማድቤት፣ ከዚያ እስከ ውጭ በር ቀስ ብለው ይሂዱ። እግርዎን የነካውን ሁሉ ልብ ይበሉ። እኔ በዚያ መንገድ ላይ ሁለት ጀሪካን፣ ጠርዙ የተጠቀለለ ምንጣፍ፣ የቴሌቪዥን ገመድ፣ የከሰል ምድጃና የማን እንደሆነ እስካሁን የማላውቀው አንድ እግር የልጅ ጫማ አገኘሁ።

ሲነጋ እነዚህን ብቻ ያንሱ። ሌላ ነገር አይንኩ፤ ከነኩ ያደክምዎታል፣ መንገዱም ሳይጸዳ ይመሻል። ጠርዙ የሚነሳ ምንጣፍ ይውጣ። ገመድ በግድግዳው ሥር እንዲሄድ በሚስማር ይያዝ። ውሃ አንድ ጥግ ብቻ ይቀመጥ፣ ከመተላለፊያ ውጭ። የሞላ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን 20 ኪሎ ነው፤ ይህ ለእኛ ወገብ የሚሆን አይደለም። ባለ 5 ሊትር የዘይት ጀሪካኖችን አጥበው ይጠቀሙ። ብዙ መመላለስ አለው፣ ግን እሱም ስፖርት ነው።

ባትሪውን አልጋው ራስጌ ላይ በክር ይሰሩት። በስልክ መብራት አይተማመኑ። መብራት በጠፋ ቀን የስልኩም ቻርጅ አብሮ ያልቃል።

በካልሲ ብቻ ሴራሚክ ላይ መሄድ ይቅር። ተረከዝ የሚይዝ ጫማ አልጋው ሥር ይኑርዎት። ከእንቅልፍ ሲነሱ ደግሞ አልጋው ጠርዝ ላይ አንድ ሁለት ደቂቃ ቁጭ ይበሉ። በተለይ የግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ብድግ ሲል ግፊቱ በድንገት ወርዶ ሊያዞረው ይችላል።

ሽንት ቤት ውስጥ መያዣ ብረት ያስፈልጋል። የፎጣ መስቀያ ይበቃል እንዳይሉ፤ ሰው ሲንጠለጠልበት ይነቀላል። የሰፈር በያጅ ከቱቦ ብረት ይሠራልዎታል፣ ግድግዳው ላይ በብሎን ይታሰራል። አንዱ ከመቀመጫው አጠገብ፣ ሌላው ከሻወሩ። እኔ ሻወሩ ሥር ጠንካራ የፕላስቲክ ወንበር አስቀምጫለሁ። መጀመሪያ አፍሬ ነበር። አሁን ቆሞ መታጠብ ለምን እንዳስፈለገ አይገባኝም።

2. በቀን አንድ መሳቢያ፣ ያውም ተቀምጠው

መንገዱ ከጸዳ በኋላ ወደ ዕቃው ይምጡ። ከቁርስ በኋላ ግማሽ ሰዓት፣ አንድ መሳቢያ ወይም አንድ መደርደሪያ። መሳቢያውን አውጥተው ጠረጴዛ ላይ ያድርጉት እንጂ አይጎንበሱ። አጠገብዎ ሦስት ማዳበሪያ ያዘጋጁ፤ የሚሰጥ፣ የቁራሌው፣ የሚጣል። የሚቀረው ወደ መሳቢያው ይመለሳል። ጎን ለጎን አንድ ካርቶን ይኑር። እኔ የራሴን ላዩ ላይ "አልቆረጠልኝም" ብዬ ጻፍኩበት፤ ቀኑንም ጨመርኩ። የሚቀጥለው መስከረም ድረስ ካልከፈትኩት ውስጡን ሳላይ ይሄዳል። ብልሃቱ ሳያዩ መስጠቱ ላይ ነው። ካዩት ሁሉም ተመልሶ ይገባል።

ቁራሌው ውለታው ብዙ ነው። ጥሪው "ቆርቆሮ ያለው" ከሚለው አጥሮ የመጣ ነው ይባላል። ብረቱ፣ ፕላስቲኩ፣ የተበላሸው ማንቆርቆሪያ በእሱ በኩል መርካቶ ምናለሽ ተራ ደርሶ ሌላ ዕቃ ይሆናል። ዋጋውን ይከራከሩ፣ ግን በር ላይ። ብቻዎን ከሆኑ ግቢ አያስገቡ፤ ጎረቤት ይጥሩ። ከልዋጭ ጋር ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አሮጌ ልብስ አውጥቶ አዲስ ሳፋ ማስገባት ማቅለል አይባልም። እኔ በዚህ መንገድ አራት ሳፋ ሰብስቤያለሁ።

ቡፌው ጋ ሲደርሱ ይጨክኑ። ለእንግዳ ተብሎ የተቀመጠው ብርጭቆ ስንት ዓመት ሆነው? የእኛ ትውልድ ለድግስ ይበቃል እያለ ሳህን ገዝቷል። ድግስ ሲመጣ ግን ድንኳኑም፣ ወንበሩም፣ ሳህኑም ከዕድር ይመጣል። ስድስት ሰሃን፣ ስድስት ብርጭቆና አንድ ረከቦት ስኒ አስቀርቼ ሌላውን አዲስ ጎጆ ለወጣች የእህቴ ልጅ ሰጠሁ። ደስ ብሏት ወሰደች፣ ወይም ደስ ያላት መስላ።

የልጆች ደብተርና ዩኒፎርም የባለቤቶቹ ጉዳይ ነው። በቪዲዮ ደውለው ያሳዩዋቸው፣ አንድ ሳምንት ይስጧቸው። አሜሪካ ያለው ልጄ "እንዳትጥይው!" አለኝ። "እንግዲያው ልላክልህ?" ስለው "ጣይው" አለ።

ከባዱ የሟች ልብስ ነው። ብዙ ሰው ከአርባው በኋላ ለነዳያን ይሰጣል። እኔ አምስት ዓመት አቆየሁት። እዚህ ላይ ማንም አያስቸኩልዎ፤ ግማሽ ሰዓት የሚባለውም ሕግ አይሠራም። ቀኑ ሲደርስ ግን ብቻዎን አይሁኑ፣ ኪሱንም ሁሉ ይፈትሹ። ከባለቤቴ ካፖርት ውስጥ 2 ብርና የተጣጠፈ የዕድር ደረሰኝ አገኘሁ። ጋቢውን አስቀርቼ ለብሼዋለሁ። ሌላውን አጥቤና አጣጥፌ አያት ወዳለው የመቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከል ላክሁት።

3. ወረቀት

ሙሉ የሥራ ዕድሜዬን መዝገብ ቤት ያሳለፍኩ ሰው ነኝ። የራሴን የቤት ካርታ ግን ሦስት ቀን ፈለግኩት። የተገኘው የምግብ አሠራር ደብተር ውስጥ ነው።

አንድ ውሃ የማያስገባ የፕላስቲክ ቦርሳ ይግዙ። ካርታና ፕላን፣ የግብር ደረሰኞች፣ የጡረታ ሰነድ፣ መታወቂያና ፋይዳ፣ የባንክ ደብተር፣ የዕድር ደብተር፣ የሐኪም ወረቀትና ራጅ እዚያ ይግቡ። የግብር ደረሰኝ አሮጌም ቢሆን አይጣል። ቦርሳው የት እንዳለ አንድ የሚያምኑት ሰው ይወቅ። የባንክ የምስጢር ቁጥር ግን እዚያ ውስጥ አይጻፍ፣ በስልክ ለሚጠይቅም አይነገር።

4. ከጉልበት በላይ፣ ከትከሻ በታች

በየቀኑ የሚነካ ነገር ሁሉ በዚህ መካከል ይቀመጥ። ድስት፣ ቡና፣ ስኳር፣ በርበሬ፣ መድኃኒት። ወንበር ላይ መውጣት ቀርቷል፤ ተበይኗል። ጤፍ በኩንታል ከገዙ ያመጣው ሰው እዚያው ቆሞ በየባልዲው ይከፋፍልልዎ፤ በኋላ ማዳበሪያውን የሚያነሳልዎ አይገኝም። ሽሮና ምስርም በትንሽ በትንሹ ይያዝ። ብዙ የሚያስቀምጥ ለነቀዝ ይቀልባል። ካርቶን መሬት ላይ አይቀመጥ፤ በክረምት እርጥበት ይስባል፣ አይጥም ይወልድበታል።

5. ማድቤትና መታጠቢያ ላይ የማልደራደርባቸው

በረኪና በሃይላንድ ጠርሙስ ተሞልቶ ከሱቅ ይመጣል። ዓይን ሲደክም ውሃ ይመስላል። ቤት እንደገባ ጠርሙሱ ላይ ቀይ ጨርቅ ይሰሩበት፣ ከሚጠጣ ነገርም ያርቁት። በረኪናን ከሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ ጋር በፍጹም አይቀላቅሉ። የሚወጣው የክሎሪን ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል። አንዱን ከተጠቀሙ በደንብ በውሃ አጥበው በሌላ ቀን ሌላውን።

ከሰል። የካራን ብርድ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ሐምሌና ነሐሴ፣ ደግሞም የኅዳር ሌሊት፣ ምድጃ አቅፎ መተኛት ያሰኛል። አይተኙ። የጋመ ከሰል የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ በዝግ ቤት ውስጥ ሰው ሳይነቃ ይገድላል። ጭሱ ወጥቷል፣ ፍም ብቻ ነው የሚሉት አያድንም፤ ገዳዩ የማይታየው ነው። ቡናው ሲያልቅ ምድጃው ወደ ደጅ ይውጣ። ለብርዱ ጋቢ ይደርቡ፤ በላስቲክ ከረጢት የሚሞላ ሙቅ ውሃም አለ፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ።

የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 ሺህ ዋት በላይ ይስባል። ከፍሪጅና ከቴሌቪዥን ጋር በአንድ ማከፋፈያ አይሰካ። ሶኬቱ ከጋለ ወይም ከጠቆረ ኤሌክትሪሻን ይጥሩ። እኔ እንጀራ መጋገር ትቼ ከሰፈር እገዛለሁ። ትንሽ ታምቼበታለሁ።

6. ቤቱን የያዘው ሰው

ማታ እግርዎን ለብ ባለ ውሃ ይታጠቡ። ድሮ ልጅ ያጥበን ነበር፤ አሁን ሳፋው አለ፣ ያውም አራት። ስኳር ያለበት ሰው እግሩ ሙቀት ላይሰማው ስለሚችል ውሃውን በክርን ይሞክረው፣ ብዙ አይዘፍዝፍ። በጣቶች መካከል ሳይቀር ያድርቁ። ቫዝሊን ተረከዝና መርገጫ ይቀቡ፤ በጣቶች መካከል ግን አይቀቡ። ውስጥ እግርዎን በመስታወት ይዩ። ቁስል ወይም የጠቆረ ነገር ካለ ጤና ጣቢያ ነው፣ ነገ ዛሬ የለም።

በዕድሜ ጥም ይቀንሳል፤ ውሃ ግን አይቀንስም። እኔ ጠዋት አንድ ጠርሙስ ሞልቼ የማየው ቦታ አስቀምጣለሁ፣ ማታ ባዶ መሆን አለበት። የልብ ወይም የኩላሊት ሕመም ያለበት መጠኑን ሐኪሙን ይጠይቅ። መድኃኒት ሁሉ በአንድ ሣጥን ይሁን። ጊዜው ያለፈበትንና የሟች ትራፊ ኪኒን ለይተው ፋርማሲ ወስደው ምን ላድርገው ይበሉ። ለጎረቤት አይስጡ።

7. የዓመቱ ሥራ

ሳምንታዊው ቀላል ነው። አንድ ቀን ልብስ፣ አንድ ቀን ወለል፣ አንድ ቀን ዕረፍት። አቅም ካለ በአሥራ አምስት ቀን አንዴ ተመላላሽ ይጥሩና ከባዱን ለእሷ ይተዉ። በመስከረም ፀሐይ ፍራሽና ብርድ ልብስ ደጅ ይውጡ፣ ስፌቱ ለትኋን ይታይ።

ዋናው ግን ግንቦት ነው። ሰኔ ሳይገባ አሸንዳው ይጸዳ። በምኒልክ ዘመን የመጣው ባህር ዛፍ ከተማዋን ከማገዶ ችግር አውጥቷታል፤ የእኔን አሸንዳ ግን በየዓመቱ በቅጠል ይደፍነዋል። ሲደፈን ውሃው ወደ ግድግዳው ይመለሳል፣ ኮርኒሱ ይበሰብሳል። ያንን ማስጠገን ከማስጠረግ ብዙ እጥፍ ያስወጣል። የቆርቆሮው ሚስማር የላላም ያኔ ይታይ፣ የግቢው ቦይም ይጠረግ።

ይህን ሥራ እርስዎ አይሠሩትም። የሰፈር ወጣት ይጥሩ፣ ዋጋውን አስቀድመው ይነጋገሩ፣ ሻይና ዳቦ ይጨምሩ። ቆሞ ማዘዝም ራሱ ሥራ ነው። እኔ እስከ 64 ዓመቴ ራሴ እወጣ ነበር፤ አሁን እንዳይቃጣኝ መሰላሉን ለጎረቤት አውሼዋለሁ። እስካሁን አልመለሰውም። እኔም አልጠየቅሁትም።