ስልካችሁ «ቦታ የለም» ሲላችሁ ከየት ልጀምር?

ፎቶ ልታነሱ ስትሉ ስልኩ «ስቶሬጅ ሞልቷል» ይላል። ብዙ ሰው ወዲያው ጋለሪ ይገባና የድሮ ፎቶዎችን ማጥፋት ይጀምራል። እባካችሁ ከዚያ አትጀምሩ። አንድ ፎቶ በአብዛኛው ጥቂት ሜጋባይት ብቻ ነው የሚይዘው። በፎር ኬ ጥራት የተቀረጸ የአንድ ደቂቃ ቪዲዮ ግን ከ150 ሜጋባይት በላይ ሊወስድ ይችላል። ትዝታችሁን አንድ በአንድ እየሰረዛችሁ የምታገኙት ቦታ ኢምንት ነው። ቦታውን የያዘው ብዙ ጊዜ ሌላ ነገር ነው።

ማን ምን ያህል እንደያዘ እዩ

አንድሮይድ ስልክ ላይ «ሴቲንግ» ውስጥ ግቡና «ስቶሬጅ» የሚለውን ንኩ። በአንዳንድ ስልኮች ይህ ገጽ «ዲቫይስ ኬር» በሚል ክፍል ውስጥ ነው ያለው። ካጣችሁት ከሴቲንግ አናት ላይ ባለው መፈለጊያ ስሙን ጻፉና ፈልጉት። አይፎን ላይ ደግሞ «ሴቲንግ»፣ ቀጥሎ «ጀነራል»፣ ከዚያ «አይፎን ስቶሬጅ» ነው። ዝርዝሩ እስኪመጣ ትንሽ ይቆያል፤ ታገሱት።

አይፎን አፖቹን ከትልቁ ጀምሮ ይደረድርላችኋል። አንድሮይድ ላይ ደግሞ «አፕስ» የሚለውን ስትነኩ እያንዳንዱ የያዘው መጠን ይታያል። «ሲስተም» የሚለውን ተዉት፤ እሱ ስልኩ የሚሠራበት ነው፣ አይጠፋም። ከላይ የተቀመጡትን ሦስት አራት አፖች ብቻ ልብ በሉ። ከእነሱ መካከል ቴሌግራም ወይም ዋትሳፕ ባይገኝ ይገርመኛል።

ቴሌግራምና ዋትሳፕ አንድ አይደሉም

ይህን ልዩነት ማወቅ ከብዙ ጸጸት ያድናል።

ቴሌግራም ፋይሎቹን የሚያስቀምጠው በራሱ ሰርቨር ላይ፣ ማለትም በኢንተርኔት በሚደረስባቸው የኩባንያው ኮምፒውተሮች ላይ ነው። ስልካችሁ ላይ ያለው ያያችሁት ነገር ቅጂ ነው። ስለዚህ ቅጂውን ብታጠፉ መልእክቱ አይጠፋም፤ ፎቶውን እንደገና ስትነኩት ተመልሶ ይወርዳል። የቴሌግራምን ሴቲንግ ክፈቱ፣ «ዳታ ኤንድ ስቶሬጅ» ውስጥ ግቡ፣ ከዚያ «ስቶሬጅ ዩሴጅ» የሚለውን ንኩ። ስሌቱ ሲያልቅ «ክሊር ካሽ» በሉት። ብዙ ቻናል የሚከታተል ሰው በዚህ አንድ ንክኪ ብቻ በርካታ ጊጋባይት ሊያስለቅቅ ይችላል። እዚያው ገጽ ላይ የግል ጭውውት፣ የግሩፕና የቻናል ፋይሎች ለምን ያህል ጊዜ ይቆዩ የሚለውንም መወሰን ትችላላችሁ። የቻናሉን ወደ ጥቂት ቀናት ብታወርዱት ስልኩ ራሱን እያጸዳ ይሄዳል። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፤ «ሴክሬት ቻት» (ሚስጥራዊ ጭውውት) ሰርቨር ላይ አይቀመጥም። ከዚያ የምትፈልጉት ፎቶ ካለ አስቀድማችሁ ወደ ጋለሪ አውጡት።

ዋትሳፕ ግን ሌላ ነው። የተላከላችሁ ነገር የሚኖረው ስልካችሁ ላይ ነው፤ ባክአፕ ካላደረጋችሁት (ሌላ ቦታ ቅጂ ካላስቀመጣችሁለት) ያጠፋችሁት ጠፋ ማለት ነው። ስለዚህ እያያችሁ አጥፉ። «ሴቲንግስ»፣ «ስቶሬጅ ኤንድ ዳታ»፣ «ማኔጅ ስቶሬጅ» ብላችሁ ግቡ። ከ5 ሜጋባይት በላይ የሆኑ ፋይሎች ለብቻ ተሰብስበው ታገኛላችሁ። ከዚያ ጀምሩ፤ በየግሩፑ ሲዘዋወሩ የነበሩ ቪዲዮዎች ናቸው የሚበዙት። ስትጨርሱ በ«ስቶሬጅ ኤንድ ዳታ» ገጽ ላይ ቪዲዮ በራሱ እንዳይወርድ አጥፉት። ይህን ካላደረጋችሁ ዛሬ ያጸዳችሁት ብዙ ሳይቆይ ይሞላል።

«ክሊር ካሽ» እና «ክሊር ዳታ»

አንድሮይድ ላይ አንድን አፕ ከፍታችሁ «ስቶሬጅ» ስትሉ ሁለት ቁልፎች ጎን ለጎን ይመጣሉ። ካሽ ማለት አፑ ቶሎ እንዲከፈት ብሎ ያስቀመጠው ጊዜያዊ ነገር ነው። ቢጠፋ ምንም አይጎድልባችሁም፤ አፑ መጀመሪያ ሲከፈት ትንሽ ይዘገይ ይሆናል። «ክሊር ዳታ» ወይም «ክሊር ስቶሬጅ» የሚለው ግን አፑን ገና እንደተጫነ ቀን ያደርገዋል። ከአካውንታችሁ ያስወጣችኋል፤ ጌም ከሆነ የደረሳችሁበት ደረጃ ሊጠፋ ይችላል፤ ዋትሳፕ ላይ ከሆነ ደግሞ ባክአፕ የሌለው ጭውውታችሁ አብሮ ይሄዳል። በጥድፊያ ተሳስቶ መንካት ቀላል ስለሆነ ጽሑፉን አንብባችሁ ንኩ።

አይፎን ላይ ለሁሉም አፕ የሚሆን የካሽ ማጥፊያ የለም። በምትኩ «ኦፍሎድ አፕ» አለ። አፑን ያነሳዋል፣ መረጃችሁን ግን ያስቀራል። መልሳችሁ ስትጭኑት ካቆማችሁበት ትቀጥላላችሁ። አልፎ አልፎ ብቻ ለምትጠቀሙበት አፕ ሁነኛ መፍትሔ ነው።

«ስልክ ያጸዳል» ተብለው የሚወርዱ አፖችን ግን አልመክርም። አብዛኞቹ የሚሠሩትን ስልኩ ራሱ ይሠራዋል። በዚያ ላይ እነሱም ቦታ ይይዛሉ፣ ማስታወቂያ ያበዛሉ፣ ፋይላችሁን ሁሉ የማየት ፈቃድ ይጠይቃሉ።

አሁን ወደ ፎቶው

ይህ ሁሉ ተደርጎ አሁንም ቦታ ካልበቃ ፎቶዎቹን መጀመሪያ ሌላ ቦታ ገልብጡ። ኮምፒውተር ወይም ፍላሽ ይሆናል። ጉግል ፎቶስም ይሆናል፤ በነጻ የሚሰጠው 15 ጊጋባይት ነው፣ ግን ከጂሜይልና ከጉግል ድራይቭ ጋር የምትጋሩት ነው። ባክአፑ ሲያልቅ አፑ ውስጥ «ፍሪ አፕ ስፔስ» የሚለውን ተጠቀሙ፤ የተገለበጡትን ከስልኩ ላይ ብቻ ያነሳቸዋል። ፎቶውን መርጣችሁ በተለመደው «ዲሊት» ካጠፋችሁት ግን ከስልኩም ከክላውዱም (ኢንተርኔት ላይ ካለው ማስቀመጫ) ይጠፋል። አይፎን ላይ አይክላውድ ፎቶስ (የአፕል የኢንተርኔት ፎቶ ማስቀመጫ) ሲበራም እንዲሁ ነው፤ አንዱ ጋ ያጠፋችሁት ሁሉም ጋ ይጠፋል።

አጥፍታችሁም ቦታው ካልጨመረ ቅርጫቱን እዩ። ጉግል ፎቶስ ባክአፕ የተደረገን ፎቶ «ትራሽ» ውስጥ ለ60 ቀናት ያቆያል። አይፎን ደግሞ «ሪሰንትሊ ዲሊትድ» ውስጥ ለ30 ቀናት ገደማ ያቆየዋል። ቦታው የሚለቀቀው እዚያ ገብታችሁ ባዶ ስታደርጉት ነው። በስህተት ያጠፋችሁትንም የምትመልሱት ከዚያው ነው፤ ስለዚህ ባዶ ከማድረጋችሁ በፊት አንዴ ቃኙት።

«ዳውንሎድስ» ፎልደርንም አትርሱት። አንዴ ተነብበው የተረሱ ፒዲኤፎች የሚከማቹት እዚያ ነው።

ኮምፒውተር ላይስ?

ዊንዶውስ 10 እና 11 ላይ «ሴቲንግስ»፣ «ሲስተም»፣ «ስቶሬጅ» ብላችሁ «ቴምፖራሪ ፋይልስ» የሚለውን ክፈቱ። ዝርዝሩ ውስጥ «ዳውንሎድስ» የሚል ሳጥንም አለ። ያወረዳችኋቸውን የግል ፋይሎች ሁሉ የያዘ ስለሆነ ምልክት እንዳይኖርበት አረጋግጡ። ከዚያ «ሪሙቭ ፋይልስ» የሚለውን ንኩ።