የቦስተኑን የባንከር ሂል ሐውልት ታሪክ እንዴት እንከታተል?

ቦስተን ያላችሁ ወይም ልትሄዱ ያሰባችሁ፣ ቻርልስታውን ያለውን ረጅሙን የድንጋይ ሐውልት ፎቶ አንስታችሁ ብቻ አትመለሱ። የአሜሪካ አብዮት ጦርነት መታሰቢያ ነው። የተሠራበት መንገድ ራሱ ግን ሌላ ታሪክ አለው። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ ውጊያውን ያዙ። ጁን 17 ቀን 1775 እንግሊዞች ኮረብታውን ወሰዱት፣ ግን ከ1,000 በላይ ወታደር ሞቶባቸውና ቆስሎባቸው። አሜሪካኖቹ ባሩድ አልቆባቸው ለቀቁ። ስለዚህ ሐውልቱ የቆመው ለተሸነፉበት ቀን ነው፤ ይህን ካልያዛችሁ ቀሪው አይገባችሁም። ውጊያው በአብዛኛው የተካሄደው ደግሞ ብሪድስ ሂል ላይ ነው፣ ሐውልቱም ያለው እዚያው ነው፣ ስሙ ግን ከጎኑ ካለው ኮረብታ ተወስዶ ቀረ። ካርታ ላይ ግራ እንዳትጋቡ።

ቀጥሎ የግንባታውን ዓመት ፈልጉ። በ1794 እዚያው ላይ በውጊያው ለሞተው ለዶክተር ጆሴፍ ዋረን የእንጨት ዓምድ ቆሞ ነበር። የአሁኑን ለመሥራት በ1823 ማኅበር ተቋቋመ፣ በ1825 በአብዮቱ ከአሜሪካኖች ጎን የተዋጋው ፈረንሳዊው ጄኔራል ላፋየት በተገኘበት የመሠረት ድንጋዩ ተቀመጠ። የተመረቀው ግን በ1843 ነው። ለምን ይህን ያህል ቆየ?

እዚህ ጋ ነው "ገንዘቡን ማን አወጣ?" ብላችሁ መጠየቅ ያለባችሁ፤ ለእኔ የማንኛውም ሐውልት ዋናው ጥያቄ ይሄ ነው። ማኅበሩ ገንዘብ አልቆበት ሥራው በተደጋጋሚ ቆመ፤ ጭራሽ የጦር ሜዳውን አብዛኛውን መሬት ለቤት መሥሪያ እየቆራረጠ ሸጠው። ዛሬ ሐውልቱ በመኖሪያ ቤቶች የተከበበው ለዚህ ነው። በመጨረሻ የደረሱለት ሴቶች ናቸው። በ1840 የሴቶች መጽሔት አዘጋጅ የነበረችው ሳራ ጆሴፋ ሄል ሴቶቹን አስተባብራ፣ የእጅ ሥራቸውን ይዘው ኩዊንሲ ማርኬት ውስጥ ትልቅ ባዛር ከፈቱ፣ ከ30,000 ዶላር በላይም አገኙ። ያ ገንዘብ ባይመጣ ሐውልቱ ግማሽ ላይ ይቀር ነበር ብዬ አምናለሁ።

ከዚያ ያልተቀረጸውን ሰው ፈልጉ። ፊት ለፊት የቆመው በውጊያው አሜሪካኖቹን ከመሩት አንዱ የነበረው የኮሎኔል ዊሊያም ፕሬስኮት ምስል ነው፣ በ1881 የተተከለ። እዚያው ቀን ግን ጥቁሮቹ ፒተር ሴለምና ሴለም ፑርም ተዋግተዋል። ለሴለም ፑር እንዲያውም 14 መኮንኖች ጀግንነቱን መስክረው በዚያው ዓመት አቤቱታ ጽፈውለታል። ስማቸውን ይዛችሁ ሂዱ፣ አስጎብኚውንም ስለ እነሱ ጠይቁት።

መውጣት ለምትፈልጉ፦ 67 ሜትር ገደማ ነው፣ 294 ደረጃ አለው፣ አሳንሰር የለውም። ጉልበት የሚያማችሁ ታች ሆናችሁ እዩት። ሙዚየሙ ከመንገዱ ማዶ ስለሆነ መጀመሪያ እዚያ ግቡ፣ ከዚያ ውጡ። ሐውልቱ የሚዘጋበት ጊዜ ስላለ ከቤት ሳትወጡ የብሔራዊ ፓርኮች አገልግሎትን ድረ ገጽ አይታችሁ አረጋግጡ።