ብርድ ሽሽት ቆላ ከርሞ በመኝታ መኪና ወደ ጎጃም መመለስ፦ ለጡረተኞች

«በጥቅምት አንድ አጥንት» የሚለው አባባል የደጋ ሰው የፈጠረው መሆን አለበት። ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ በተቀመጠችው ደብረ ማርቆስ፣ ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ሌሊት ለወጣት እንኳ የሚቀል አይደለም፤ ስድሳን ላለፈ ጉልበት ግን አጥንት ቢበላም አይበቃውም። እኔና ባለቤቴ ከማስተማር ሥራ በጡረታ ከተገለልን ወዲህ እነዚህን ወራት የምናሳልፈው፣ የኋላ ወንበሮቿ ወጥተው አልጋ፣ ቡታጋዝና የውሃ በርሜል በተገጠመላት አሮጌ ሚኒባስ ውስጥ ነው፤ አንዱን ዓመት ሶደሬ ፍል ውሃ አጠገብ፣ ሌላውን ሐዋሳ፣ ያለፈውን ደግሞ አርባ ምንጭ ከርመናል። ወደ ሙቀት መሄዱ ብዙ ብልሃት አይጠይቅም። ሰውንም መኪናንም የሚፈትነው መመለሱ ነው፤ ሰውነት ሙቀት ለምዶ፣ መኪናይቱ ሦስት ወር የተጠራቀመ ዕቃ ተሸክማ፣ የሹፌሩም ልብ ቤቱን ናፍቆ እንደ ቸኮለ የሚገባው ዓባይ በረሃ ውስጥ ነውና። ይህ ጽሑፍ ስለ መመለሱ ብቻ ነው።

የመጀመሪያው ሥራ ቀን መቁረጥ ነው። ጥምቀት እንዳለፈ ለመነሣት የሚቸኩሉ አሉ፤ እኔ ግን አልመክርም፤ የጥር ውርጭ ገና ስላልለቀቀ ከቆላ በአንድ ጊዜ ወደዚያ መግባት፣ በተለይ ሳል ለሚያስቸግራቸው፣ ጥሩ አይደለም። እስከ መጋቢት መጨረሻ ከዘገዩ ደግሞ የበረሃው ሙቀት ይበረታል፤ የበልግ ካፊያም አስፋልቱን ማንሸራተት ይጀምራል። የካቲትን የመሰለ ወር የለም።

መንገዱ ክፍት ስለ መሆኑ ከሦስት ሰው ያላነሰ ይጠይቁ። ያለፉት ዓመታት እንዳሳዩን ትናንት ሰላም የነበረ መንገድ ዛሬ ሊዘጋ ይችላል፤ ስለዚህ ቤት ከሚጠብቅዎት ዘመድ በተጨማሪ፣ አዲስ አበባ መናኸሪያ ገብተው የደብረ ማርቆስን መስመር የሚመላለሱ ሹፌሮችን ያነጋግሩ፤ በሚነሡበት ቀን ጠዋትም ደግመው ይደውሉ። «ትንሽ ቆዩ» ካሉዎት ይቆዩ። መኝታ መኪና ላለው ሰው መቆየት ከባድ አይደለም፤ አልጋውም ድስቱም አብሮት ነው። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ግን በምንም ምክንያት አይንዱ።

ስለ ወረቀቱ ብዙ ማለት አያስፈልግም፤ መንጃ ፈቃድ፣ ሊብሬ፣ የዘመኑ ቦሎ፣ የሦስተኛ ወገን መድንና መታወቂያ በአንድ ላስቲክ ተጠቅልለው እጅ በሚደርስበት ቦታ ይቀመጡ። ወንበር የወጣላት መኪና በየኬላው ጥያቄ ስለምታስነሣ፣ ለውጡ በትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ተመዝግቦ ሊብሬው ላይ መስፈሩን ከጉዞው ወራት አስቀድሞ ማረጋገጥ ይገባል። የነዳጅ ክፍያ በቴሌብርና በመሳሰሉት ስለሆነ ሒሳብዎን አስቀድመው ይሙሉ፤ ኔትወርክ የሚጠፋበት ቀን ስላለም ለሻይና ለማደሪያ የሚሆን ጥሬ ገንዘብ ይያዙ።

አሁን ወደ መኪናይቱ። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ይመዝናል፤ የእኛ በርሜል 100 ሊትር ሲሞላ ከአልጋው ሥር አንድ ወፍራም ሰው አስተኝቶ እንደ መጓዝ ነው። ስለዚህ ከመነሣትዎ በፊት ውሃውን ያፍስሱትና ለመጠጥና ለእጅ መታጠቢያ 20 ሊትር ብቻ ያስቀሩ። ከአርባ ምንጭ የሚመጣ ሰው ለጎረቤት ሙዝና ማንጎ ሳይጭን እንደማይነሣ አውቃለሁ፤ አልከለክልም፤ ሆኖም ከባዱ ዕቃ ጣሪያ ላይ ወይም ከኋላ በሩ ሥር ሳይሆን፣ ወለሉ ላይ በፊትና በኋላ ጎማዎች መካከል ይቀመጥ። የቡታጋዙ ሲሊንደር ቁልፉ ተዘግቶ፣ ቀጥ ብሎ ቆሞና ታስሮ ይጓዝ። የጎማ ነፋስ የሚለካው ዕቃው ከተጫነ በኋላ፣ ጎማው ሳይሞቅ ነው፤ ስኮርታውም አብሮ ይለካ።

ከሁሉ በላይ ግን ፍሬን። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት እየሳበ ያረጃል፤ ፍሬኑ ሲግል ውስጡ የገባው ውሃ ይፈላና ፔዳሉ ያለ ልክ ይሰምጣል፤ ዘይቱን በሁለት ዓመት አንዴ መቀየር የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። የፍሬኑ ሸራ (ሲረገጥ ተጣብቆ ጎማውን የሚያቆመው ንጣፍ) ደግሞ ጎማ ተፈትቶ፣ እርስዎ በዓይንዎ እያዩ ይታይ። ይህን የምለው ከደረሰብኝ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት አንድ ጋራዥ ጎማውን ሳይፈታ «ሸራው ገና ነው» ብሎ አሰናበተኝ። በረሃውን ግማሽ እንኳ ሳንወርድ የተቃጠለ ጨርቅ የሚመስል ሽታ መጣ፤ ባለቤቴም «አቁም እንጂ ሰውዬ፣ የሚነድ ነገር አለ» አለችኝ። ሰፋ ያለ ቦታ አግኝቼ ጥግ ስይዝ ከፊት ጎማው ጭስ ይወጣል። ከኋላችን የቆመ የከባድ መኪና ረዳት ሮጦ መጥቶ ጎማው ሥር ድንጋይ አደረገልን፤ እኔ ጀሪካኑን ይዤ ውሃ ልደፋበት ስል እጄን ያዘና «አባባ፣ የጋለ ብረት ላይ ውሃ አይድፉ፣ ይሰነጠቃል። ከዚህ ወዲያም ፍሬኑን አይመኑት፤ ማርሽ ይያዘው» አለኝ። እስኪቀዘቅዝ ከአንድ ሰዓት በላይ ቆምን።

የልጁ ምክር በተግባር ይህን ይመስላል። ከጎሐ ጽዮን አፋፍ እስከ ድልድዩ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወረዳል፤ ከዚያ ያንኑ ያህል ሽቅብ ተወጥቶ ደጀን ይደረሳል፤ ጥምዝምዙ ከአፋፍ እስከ አፋፍ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ይህን ያህል ቁልቁለት ፍሬን ብቻውን ሲይዘው የመኪናይቱ ክብደት በሙሉ ሸራው ላይ ሙቀት ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ አፋፉ ላይ፣ ቁልቁለቱ ሳይጀምር፣ ሁለተኛ ማርሽ ያስገቡና ሞተሩ ራሱ መኪናይቱን ይያዛት፤ በጣም ቀጥ ባለው ላይ ወደ አንደኛ ይውረዱ። ፍጥነቱ ከዚያም አልፎ ከጨመረ ፍሬኑን ጠበቅ አድርገው ለጥቂት ሰከንድ ይርገጡና ፈጽመው ይልቀቁት። ሸራ የሚያነደው እግርን ፍሬን ላይ ቀለል አድርጎ አሳርፎ ረጅም መንገድ መውረድ ነው። ነዳጅ ለመቆጠብ ማርሹን ዜሮ አድርጎ መንሸራተት ጨርሶ አይታሰብም። ከኋላ ጡሩምባ የሚያስጮህ ካለ ጥግ ይዘው ያሳልፉት፤ ጡረታ የወጣ ሰው ምን ያስቸኩለዋል?

በጃፓን እርዳታ በተሠራው የሕዳሴ ድልድይ ላይ አይቆሙም፤ ተሻግረው ትንሽ እንደ ሄዱ፣ ማረፍ በሚፈቀድበት ቦታ ሞተሩ ይረፍ። እግረ መንገድዎን ጎሐ ጽዮን ላይ ጠጥተው የከደኑትን የፕላስቲክ ጠርሙስ ያውጡና ይመልከቱት፤ ታች ያለው አየር ስለሚከብድ ጎኑ ተጨማድዶ ያገኙታል። ከታች የከደኑት ዕቃ ደግሞ ደጀን ሲደርስ ይነፋል፤ ዘይትና ማር የያዘ ጀሪካን ክዳኑን ላላ አድርገው ጋዙን እንዲያስተነፍሱት የምመክረው አንድ ጊዜ የአልጋ ልብሳችን በማር ስለታጠበ ነው። በዳገቱ ላይ ዓይንዎ ከሙቀት መለኪያው አይለይ፤ መርፌው ሽቅብ ከጀመረ የውስጡን የአየር ማቀዝቀዣ (ኤሲ) ያጥፉ፣ ጥግ ይያዙና ይጠብቁ፤ የራዲያተሩን ክዳን ግን ሞተሩ ሳይበርድ የከፈተ ሰው ፊቱን ይቃጠላል።

ይህ ሁሉ የሚሠራው በጠዋት ነው፤ አየሩ ቀዝቃዛ፣ ሹፌሩም ያረፈ ስለሚሆን፣ ብልሽት ቢያጋጥምም ገና ሙሉ ቀን ስላለ። ለዚህም ሲባል የዋዜማው አዳር በረሃው አፋፍ አካባቢ መሆን አለበት። አዲስ አበባ አድረው ነዳጁን እስከ አፉ ይሙሉ፤ ረፋዱ ላይ በሱሉልታ ወጥተው 110 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዘው ፍቼ ወይም አለፍ ብሎ ገርበ ጉራቻ ይደሩ። የደብረ ሊባኖስ መገንጠያ ከፍቼ ትንሽ ቀደም ብሎ ስለሆነ ገዳሙን መሳለም ለሚፈልግ ቀኑ ይበቃዋል። እኛ ዘበኛና ግቢ ያለው ሆቴል ጠይቀን እራታችንን እዚያው እንበላለን፣ ለማቆሚያውም ጥቂት እንከፍላለን፤ የምንተኛው ግን በራሳችን አልጋ ነው። 300 ኪሎ ሜትር በአንድ ቀን መጨረስ የሚችል ሰው ይህን አዳር እንደ ትርፍ ወጪ ሊቆጥረው ይችላል፤ ነገር ግን ቆላ የለመደ ሰውነት ብርዱን መልሶ የሚተዋወቀው በዚያ ሌሊት ነው፤ ጋቢና ወፍራም ካልሲም ከሣጥን የሚወጡት ያኔ ነው።

በጉዞው ላይ በየሁለት ሰዓቱ ወርደው አሥር ደቂቃ ያህል ይራመዱ፤ ለረጅም ሰዓት የታጠፈ እግር ያብጣል፣ ደምም ሊረጋበት ይችላል። ሽንት ያስቸግረኛል ብሎ ውሃ መተው፣ ወይም የደም ግፊት ክኒን በራስ ፈቃድ መዝለል ከሽንቱ የባሰ ጣጣ ያመጣል። ኢንሱሊን የሚወስዱ ሰዎች መድኃኒቱን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለው ከፀሐይ ያርቁት፤ በረዶ ላይ በቀጥታ አያስቀምጡት፣ ወደ በረዶነት ከተለወጠ ይበላሻልና። ጆሮ ሲደፈን ቆሎ መቆርጠም ይበጃል። ለምግብ ከበሶ የተሻለ አላገኘሁም፤ በውሃ ተበጥብጦ ይጠጣል፣ እሳት አይፈልግም፣ ጾም ቢገባም አይከለከልም።

ቤት ሲደርሱ መጀመሪያ በርና መስኮት ከፍተው ያናፍሱ፤ ቧንቧውን እስኪጠራ ያፍስሱ፣ ፍራሹን ለሁለት ቀን ፀሐይ ያስመቱ፣ ጎተራውንም ነቀዝ እንዳልገባበት ይዩ። መኪናይቱን ያለ ሥራ ከማቆምዎ በፊት የውሃ በርሜሏ ይድረቅ፣ የባትሪው ገመድ ይነቀል፣ የምግብ ፍርፋሪ ለአይጥ አይተውባት።

አንድ ነገር ግን ዕቃው ተራግፎም አያልቅም። ሐዋሳም ሆነ አርባ ምንጭ የወባ አገር ነው፤ በዚያ የነከሰች ትንኝ ውጤቷ ደብረ ማርቆስ ከገቡ ከሳምንታት በኋላ፣ በአንዳንዱ ዓይነት ወባ ደግሞ ከወራት በኋላ ሊታይ ይችላል። ደጋ ላይ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ሲል ሰው ጉንፋን ነው ብሎ ይተኛል። እርስዎ ግን በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ሄደው ደምዎን ያስመርምሩ፤ ሐኪሙም ሳይጠይቅዎት የት እንደ ከረሙና መቼ እንደ ተመለሱ ይንገሩት።