የካርታ ስህተት ስታርሙ የሰው መሬት እንዳትቆርጡ

ሐዋሳ ውስጥ የይዞታ ካርታ ከሚያዘጋጁ ጀማሪዎች ጋር ስሠራ አንድ ነገር ደጋግሞ ያናድደኛል። ሶፍትዌሩ ስህተት አለ ሲላቸው ሳያዩ ማስተካከያውን ይጫኑታል። ቀዩ ምልክት ይጠፋል። ሥራው አለቀ ይባላል። ወገኖቼ፣ አላለቀም!

10 በ20 ሜትር የሆነ ይዞታ እንውሰድ። ነጥቦቹ ወደ ኤክሴል ሲገቡ የሦስተኛውና የአራተኛው ማዕዘን ቦታ ተቀያየረ። መስመሩ መሐል ላይ ራሱን ያቋርጥና ፖሊጎኑ (የይዞታው ዝግ ቅርጽ) እንደ ቢራቢሮ ሁለት ክንፍ ያወጣል። ስፋቱን ብታሰሉት ዜሮ ይመጣል። ሁለቱ ክንፎች በተቃራኒ አቅጣጫ ስለሚዞሩ አንዱ የሌላውን ያጣፋዋል።

አሁን ኪውጂአይኤስ በሚባለው የካርታ ሶፍትዌር ላይ «ፊክስ ጂኦሜትሪስ» የሚለውን የቅርጽ ማስተካከያ ተጫኑ። ሁለት ባለ ሦስት ማዕዘን ቅርጾች ይሰጣችኋል። ስህተት የሚባል ነገር አይታይም። ስፋቱ ግን 100 ካሬ ነው። ባለቤቱ ያጠሩት 200 ካሬ ነበር! በዜሮ በፈር፣ ማለትም ቅርጹን በዜሮ ርቀት በማስፋት፣ የሚያስተካክሉም አሉ። እሱ ደግሞ አንዱን ክንፍ ጭራሽ ሊያጠፋው ይችላል፤ ያኔ የሚቀረው 50 ካሬ ነው። ሶፍትዌሩ የሚያውቀው የጂኦሜትሪ ሕግ ነው። አጥሩ የት እንደቆመ አያውቅም። ያንን ማወቅ ያለባችሁ እናንተ ናችሁ።

ስለዚህ መጀመሪያ ስህተቱን አጉልታችሁ እዩት። የቨርቴክስ (የማዕዘን ነጥቦች) ሠንጠረዡን ክፈቱና ከመስክ ወረቀቱ ጋር አመሳክሩ። እዚህ ላይ የሚያስፈልገው ሁለቱን ነጥቦች ወደ ቦታቸው መመለስ ብቻ ነው። ከዚያ ስፋቱን ሰነዱ ላይ ካለው ጋር አስተያዩ። ካልገጠመ እንዲገጥም አትጎትቱት። ምልክት አድርጉበትና ለመስክ ማጣሪያ ተውት።

የጎረቤታሞችን ወሰን ሁለት ጊዜ መሳልም የተለመደ ነው። አንድ አጥር ለሁለት ይዞታ ሁለት መስመር ይሆናል፤ በመሐሉ ክር የምታህል ክፍተት ወይም መደራረብ ትቀራለች። እያንዳንዱ ፖሊጎን ለብቻው ደህና ስለሆነ እያንዳንዱን ቅርጽ ለብቻው የሚፈትሸው የቫሊዲቲ ምርመራ ዝም ይላል። ይህን የሚያወጣው ቅርጾቹ እርስ በርስ እንዴት እንደሚገናኙ የሚፈትሸው ቶፖሎጂ ቼከር ነው። አዲሱን ነጥብ አጠገቡ ካለው ጋር የሚያጣብቀውን ስናፒንግን ከመጀመሪያው አብርታችሁ ብትስሉ ግን ግማሹ ጣጣ አይፈጠርም። መንገድ ክፍተት ሆኖ ሲወጣ ደግሞ አትድፈኑት፤ መንገድ ነው።

ሐይቅ ዳር ያሉት ይዞታዎች ሌላ ጥንቃቄ ይፈልጋሉ። ከጥቁር ውሃ የሚገባለት የሐዋሳ ሐይቅ በገጸ ምድር የሚወጣለት ወንዝ የለውም። ውሃው ከፍና ዝቅ ይላል፤ ዳርቻውም አብሮት ይሄዳል። የሐይቁ ፖሊጎን ይዞታ ላይ ወጥቶ ስታዩት የአሳሳል ስህተት ነው ብላችሁ ይዞታውን አትቁረጡ። የሐይቁ መስመር ከየትኛው ወር የሳተላይት ምስል እንደተሳለ መጀመሪያ ጠይቁ።

የስናፕ ርቀት ስትሰጡ ሌየሩ (የካርታው ንብርብር) በሜትር ነው ወይስ በዲግሪ የሚለውን እዩ። አንድ ዲግሪ 111 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ግማሽ ሜትር ያላችሁ መስሏችሁ 0.5 ብትሰጡ ከተማው በሙሉ ይጨማደዳል።

የመጨረሻው ነገር አድንዳን የሚባለው የቆየ የኮርድኔት መነሻ (ዳተም) ነው። የቆዩ ካርታዎቻችን በብዛት የተሠሩት በእሱ ነው። የአድንዳኑን ኮርድኔት ጂፒኤስ የሚጠቀምበት ደብሊውጂኤስ 84 ነው ብላችሁ ከጫናችሁት ሁሉም ነገር ከ200 ሜትር በላይ ይንሸራተታል። ጀማሪ ይህን ሲያይ ሌየሩን በማውስ እየጎተተ የሳተላይት ምስሉ ላይ ከሚታዩት ጣሪያዎች ጋር ሊያገጥመው ይሞክራል። እባካችሁ ይህን አታድርጉ። ሐዋሳ በሁለቱም በዩቲኤም (በሜትር በሚለካው የካርታ አከፋፈል) ዞን 37 ሰሜን ውስጥ ናት፤ ሶፍትዌሩ ሥርዓቱን የሚለይበት የኢፒኤስጂ ኮድ ለአድንዳኑ 20137፣ ለደብሊውጂኤሱ 32637 ነው። ፋይሉ በየትኛው እንደተሠራ አረጋግጡ፣ ትክክለኛውን ኮድ ስጡትና «ሪፕሮጀክት» አድርጉት፤ ኮርድኔቱን ወደ ሌላው ሥርዓት አስልቶ የሚለውጠው እሱ ነው። ኮዱን መቀየር ብቻውን ኮርድኔቱን አይቀይረውም።