ላልወጣ ጌም ቀብድ ስትከፍሉ የምትሠሯቸው ስህተቶች

ደሴ ፒያሳ አካባቢ ጌም ቤት ከከፈትሁ ስምንት ዓመት ሆኖኛል። መስከረም በጠባ ቁጥር፣ አዲሱ የእግር ኳስ ጌም ሊወጣ ሲል፣ ልጆች ስልካቸውን ዘርግተው ይመጣሉ። «ጋሼ፣ አሁን ከከፈልን እኮ ስጦታ አለው!» ይሉኛል። ለእያንዳንዱ በቃል ማስረዳት ስለደከመኝ ልጻፈው።

ስጦታውን እንደ ምርቃት መቁጠር። ከሁሉም የሚያናድደኝ ይህ ነው። ሰኞ ገበያ ጤፍ የምትሸጥ ሴት ምርቃት የምትጨምርላችሁ እህሉን ዘግናችሁ ካያችሁ፣ ዋጋ ከተስማማችሁና ከተሰፈረላችሁ በኋላ ነው። ጆንያው እንደታሰረ «አሁን ክፈሉ፣ አንድ ጣሳ እጨምራለሁ» ብትላችሁ ጥላችኋት ትሄዳላችሁ። የጌም ኩባንያዎች የሚሏችሁ ይህንኑ ነው። በጌሙ ውስጥ የሚሰጡት ልዩ ልብስም ሆነ ተጨማሪ ተጫዋች ጆንያውን ሳትፈቱ እንድትከፍሉ የሚሰጥ ነው። ከሌላው ቀድሞ መጫወት የሚሉት ስጦታ ደግሞ ይብሳል። የእግር ኳሱ ጌም ኤፍሲ 25 ለሁሉም የተለቀቀው በ2017 ዓ.ም. በመስቀል ዕለት ነው፤ ውዱን ዕትም የገዙት ግን ከመስከረም 10 ጀምሮ ይጫወቱ ነበር። ጌሙ መስከረም 10 ተሠርቶ አልቋል ማለት ነው! ታዲያ ሰባቱ ቀን ለማን ተጨመረ? ለማንም። ሙሉ ዋጋ ከፍሎ ከሚጠብቀው ሰው ላይ ተወስዶ ለሌላው ተሸጠ እንጂ።

ያልቅብናል ብሎ መጣደፍ። ዲስክ በካርቶን ብቻ ይመጣ በነበረበት ጊዜ ሱቁ ስንት ዲስክ ማዘዝ እንዳለበት በቀብዱ ማወቅ ነበረበት። ከኢንተርኔት የሚወርድ ጌም ግን አያልቅም።

በማስታወቂያው ማመን። ሳይበርፐንክ 2077 የተባለው ጌም በታኅሣሥ 2013 ዓ.ም. ሲወጣ ከ8 ሚሊዮን በላይ ሰው ቀድሞ አዝዞት ነበር። ገምጋሚዎች አስቀድመው ያገኙት የኮምፒውተሩን ዕትም ብቻ ስለነበር፣ በፕሌይስቴሽን 4 ላይ እንዴት እንደሚበላሽ ገዢው የሚያውቅበት መንገድ አልነበረም። በሳምንቱ የፕሌይስቴሽን አምራች ሶኒ ከኢንተርኔት መደብሩ አወረደው፤ ለጠየቀውም ገንዘቡን መለሰ።

«ካልወደድነው እናስመልሳለን» ማለት። ስቲም በተባለው የኮምፒውተር ጌም የኢንተርኔት መደብር ላይ ጌሙ እስኪወጣ መሰረዝ ይቻላል፤ ከወጣ በኋላ ግን በ14 ቀን ውስጥ፣ ያውም ከ2 ሰዓት በታች ከተጫወታችሁ ነው። እናንተ ደግሞ የምትከፍሉት በሰው ካርድ ነው። ገንዘቡ ቢመለስም ባለካርዱን ለምናችሁ ነው የምታገኙት።

አሁን ለጌም ቤት ባለቤቶች፦ እናንተም ይህን አትኮርጁ። እኔ ኮርጄዋለሁ። ሥራ በጀመርሁ በሁለተኛው ዓመት «50 ብር ቀድሞ የከፈለ አዲሱን ጌም በመጀመሪያው ቀን ይጫወታል» ብዬ ከ19 ልጆች ሰበሰብሁ። ዲስኩ ከአዲስ አበባ ሳይመጣ ሦስት ሳምንት አለፈ። አንድ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ በየቀኑ ከቧንቧ ውሃ በእግሩ እየመጣ «ዛሬስ መጣ?» ይለኝ ነበር። በእግሩ የሚመጣው የታክሲውን ብር ለእኔ ስለሰጠኝ እንደሆነ የነገረኝ ጓደኛው ነው። በማግስቱ ለሁሉም መለስሁ። ልጁ ብሩን በእጁ እንደያዘ ቆመና «እኔ ግን አንደኛ ነበርሁ» አለኝ። የምመልስለት አልነበረኝም።

ከዚያ ወዲህ ዲስኩ እጄ ገብቶ፣ ማሽኑ ላይ ሠርቶ ሳላየው ከማንም ልጅ ቀብድ ተቀብዬ አላውቅም።