ሲሞቅ የሚሰንፈው ፓምፕ፦ በአውቶማቲክ ካምቢዮ ፓምፕ ንድፍ ላይ የሚደጋገሙ ስህተቶች

«ጠዋት ምንም አይለውም። ከሰዓት ሲሞቅ ግን ዲ ሳስገባ ትንሽ ቆይቶ ነው የሚይዘው።»

አውቶማቲክ መኪና የሚነዳ ሰው ጋራዥ ሲመጣ ይቺን አቤቱታ ብዙ ጊዜ ያሰማል። ካምቢዮው ሲፈታ ፍሪሲዮኖቹ (ማርሹን ጨምቀው የሚይዙት ሳህኖች) ደህና ሆነው የሚገኙበት ጊዜ አለ። ጥፋቱ ፊት ለፊት ያለው የዘይት ፓምፕ ነው። ፓምፑ ሲያዩት ቀላል ነገር ነው፤ ሁለት ጥርሶች (ባለጥርስ ክብ ብረቶች)፣ አንድ ገላ፣ አንድ ክዳን። ግን ማርሹን የሚያስይዘው፣ ቶርክ ኮንቨርተሩን (የሞተሩን ጉልበት በዘይት ወደ ካምቢዮው የሚያስተላልፈውን) የሚሞላውና ካምቢዮውን የሚያቀዘቅዘው ዘይት ሁሉ በእሱ በኩል ነው የሚያልፈው። ችግሩ ደግሞ ብዙ ጊዜ መንገድ ላይ አይጀምርም። ገና ስዕሉ ሲሳል ይጀምራል።

የመጀመሪያው ስህተት ከባዱን ሰዓት አለማወቅ ነው። በአብዛኛው አውቶማቲክ ካምቢዮ ፓምፑን የሚያዞረው የቶርክ ኮንቨርተሩ አንገት ነው። ስለዚህ ከሞተሩ ጋር እኩል ይዞራል። ሞተሩ በሚኒሞ፣ ማለትም ነዳጅ ሳይረገጥ፣ በደቂቃ 700 ዙር ላይ ከሆነ ፓምፑም 700 ነው፤ ሞተሩ 6000 ሲገባ እሱም 6000። ለፓምፑ ከባዱ የትኛው ነው ሲባል ብዙ ሰው 6000 ይላል። አይደለም። ከባዱ ዘይቱ 100 ዲግሪ ሞቆ እንደ ውሃ ቀጥኖ፣ መኪናው ትራፊክ መብራት ላይ በሚኒሞ ሲቆም ነው። ያኔ ፓምፑ በዝግታ ይዞራል፣ የቀጠነው ዘይት ደግሞ በየስንጥቁ ያመልጠዋል።

ይህን ያወቀ ነዳፊ ብዙ ጊዜ ወደ ሁለተኛው ስህተት ይገባል፤ ፓምፑን ያሳድገውና እፎይ ይላል። እስቲ እናስላው። በአንድ ዙር 15 ሲሲ የሚገፋ ፓምፕ እንውሰድ። በ700 ዙር በደቂቃ 10.5 ሊትር ይሆናል። ሲሶው ቢያመልጥ 7 ሊትር ይቀራል፤ ካምቢዮው በሱ ይኖራል እንበል። ያው ፓምፕ በ6000 ዙር 90 ሊትር ይገፋል። ካምቢዮው 20 ቢወስድ ቀሪው 70 ሊትር በግፊት መቆጣጠሪያው ቫልቭ በኩል ወደመጣበት ይመለሳል። በከንቱ የሄደውን ጉልበት ለማወቅ ግፊቱን በባር፣ ዘይቱን በሊትር በደቂቃ ወስዶ አባዝቶ ለ600 ማካፈል ነው፤ መልሱ በኪሎዋት ይመጣል። ግፊቱ 10 ባር ከሆነ 70 ሲባዛ በ10፣ ሲካፈል ለ600፣ 1.2 ኪሎዋት ገደማ። አንድ የኤሌክትሪክ ምድጃ ካምቢዮው ውስጥ ለኩሶ እንደመንዳት ነው። ነዳጁ ይቃጠላል፣ ዘይቱ ይሞቃል። የሞቀው ዘይት ደግሞ ይቀጥንና ፓምፑን መልሶ ያዳክመዋል።

መፍትሔው ከድሮም አለ። ጄኔራል ሞተርስ በ1982 ባወጣው 700-አር4 ካምቢዮ ላይ፣ ቀለበቱ እየተንሸራተተ የሚገፋውን መጠን የሚቀይር ባለቢላ ፓምፕ ገጥሞ ነበር። እዚህ ላይ ግን የራሴን ልናገር። ለርካሽ ትንሽ መኪና እኔ መጀመሪያ ወደዚህ አልሮጥም። ተንሸራታቹ ቀለበት፣ ስፕሪንጉና ማሸጊያዎቹ ሁሉ ዋጋም ብልሽትም ያመጣሉ። ሁለት መውጫ ያለው መጠኑ የማይቀየር ፓምፕ መሃለኛ መንገድ ነው። ፍጥነቱ ሲጨምር አንድ ቫልቭ አንደኛውን መውጫ ከመምጠጫው ጋር ያገናኘዋል። ያ ግማሽ ዘይት ያለ ግፊት ስለሚዞር ብዙ ጉልበት አይበላም።

ሦስተኛው ስህተት ስዕሉን በቀዝቃዛ ብረት መሳል ነው። መጀመሪያ ላይ ያነሳሁት ሰውዬ ችግር እዚህ ጋ ነው ያለው።

ገላው አልሙኒየም፣ ጥርሶቹ ብረት ናቸው እንበል። አልሙኒየም ሲሞቅ የብረትን ሁለት እጥፍ ያህል ይለጠጣል። 20 ሚሊሜትር ውፍረት ባለው ጥርስና በክዳኑ መካከል በ40 ዲግሪ 0.03 ሚሊሜትር ክፍተት ብንተው፣ በ100 ዲግሪ ክፍተቱ 0.043 ገደማ ይደርሳል። አንድ መቶኛ ሚሊሜትር ከምንም አይቆጠርም ትል ይሆናል። ግን በጠባብ ክፍተት የሚያመልጥ ዘይት ከክፍተቱ ጋር እኩል አያድግም። ክፍተቱ እጥፍ ሲሆን የሚያመልጠው ስምንት እጥፍ ይሆናል። በኛ ስሌት ሦስት እጥፍ ይመጣል። በዚያ ላይ የዛሬ የካምቢዮ ዘይት በ100 ዲግሪ ያለው ውፍረት በ40 ዲግሪ ካለው አንድ አምስተኛ ያህል ብቻ ነው። ሦስቱን በአምስት ስናባዛ፣ በጎን የሚያመልጠው ዘይት 15 እጥፍ ይሆናል። ጠዋት ደህና፣ ከሰዓት ሰነፍ፤ ነገሩ ይኸው ነው።

አንዳንዱ ታዲያ ስዕሉ ላይ መቻቻያውን (የሚፈቀደውን የልኬት ልዩነት) ያጠባል። ፋብሪካው ዋጋውን ይሰቅላል፣ ጥርሱ ከገላው ቀድሞ የሞቀ ቀን ደግሞ ክዳኑን ይነክሳል። ገላውን ካስት አይረን ማድረግ ይቻላል፤ ከጥርሱ ጋር እኩል ይለጠጣል፣ ግን ይከብዳል። ወጪ የማያበዛው ዘዴ ጥርሶቹን በውፍረት በቡድን በቡድን ለይቶ፣ ለጥልቁ ገላ ወፍራሙን፣ ለጎድጓዳነቱ ላነሰው ቀጭኑን መግጠም ነው። ማሽኑን አይቀይሩም፣ መለኪያ ብቻ ይጨምራሉ።

አራተኛው ስህተት ከመምጠጫው በኩል ነው። ፓምፕ ዘይት ይስባል እንላለን እንጂ በእውነቱ ዘይቱን ወደ ፓምፑ የሚገፋው አየር ነው። ባሕር ጠረፍ ላይ የአየሩ ግፊት 101 ኪሎፓስካል ነው። አዲስ አበባ ከፍታዋ 2350 ሜትር ገደማ ስለሆነ ወደ 76 ይወርዳል። ሩቡ ጎደለ ማለት ነው። ለጠረፍ ከተማ ለጥቂት እንዲበቃ ብቻ የተነደፈ መምጠጫ እንጦጦ ሲወጣ ቀድሞ ይቸገራል። ፊልትሮው ትንሽ ከቆሸሸ ደግሞ አለቀ። ዘይቱ ውስጥ አረፋ ይፈጠራል፣ አረፋው ግፊት ያለበት ጋ ሲደርስ በድንገት ይጨፈለቃል፣ ከሞተሩ ዙር ጋር የሚጨምር ጩኸት ይሰማል። እንዲህ ያለ ፓምፕ ሲከፈት የክዳኑ ፊት ፈንጣጣ የመታው ይመስላል። መንገዱን አሳጥሮ ማስፋት ይረዳል። ሌላው ጥሩ ዘዴ ከግፊት መቆጣጠሪያው የሚመለሰውን ዘይት ዝም ብሎ ወደ ካርተር (ከታች ያለው የዘይት ገንዳ) ከማፍሰስ በመምጠጫው ቦይ ውስጥ በፍጥነት መልቀቅ ነው። ያ ዘይት የካርተሩን ይዞት ይገባል።

አምስተኛው የኤሌክትሪክ ፓምፕ ሁሉን ይችላል ማለት ነው። መብራት ላይ ሞተሩን የሚያጠፉ መኪኖች ሲመጡ ዋናው ፓምፕም አብሮ ይቆማል። ያኔ የሚያስፈልገው ፍሪሲዮኑን ሞልቶ መያዝ ብቻ ነው፤ 3 ባር በ5 ሊትር ቢሆን 25 ዋት ነው። ሁሉንም እሱ ይሥራ ብለን 20 ባርና 20 ሊትር ብንጠይቀው ግን 670 ዋት ገደማ ነው፤ ግማሹ በመንገድ ከጠፋ የፓምፑ ኤሌክትሪክ ሞተር ከ12 ቮልት ባትሪ 110 አምፔር ይስባል። ሁለት የፊት መብራት 10 አምፔር እንኳ አይወስድም። የጀርመኑ ካምቢዮ ሠሪ ዜድኤፍ ባለ 8 ማርሽ ካምቢዮው ላይ ያለ ኤሌክትሪክ ፓምፕ የሚሠራ ዘዴ አለው፤ ሞተሩ ሲሠራ በስፕሪንግ ላይ የተጠራቀመ ትንሽ ዘይት ሞተሩ ሲነሳ ይለቀቃል።

በነገራችን ላይ የአሜሪካው መኪና ሠሪ ኦልድስሞቢል ለ1940 ሞዴሉ ያቀረበው ሃይድራማቲክ ካምቢዮ ከፊትና ከኋላ ሁለት ፓምፕ ነበረው። የኋላውን የሚያዞረው ጎማው ነበር። ዛሬ ወጪ ለመቀነስ የኋላው ቀርቷል። አውቶማቲክ መኪና በግፊ የማይነሳው፣ ጎማው መሬት ነክቶ ሲጎተትም ካምቢዮው የሚጎዳው ለዚህ ነው።

ስድስተኛውን ባጭሩ፤ ለእያንዳንዱ ካምቢዮ አዲስ ፓምፕ መንደፍ። ጥርሱ ብዙ ጊዜ የሚሠራው ከታመቀ የብረት ዱቄት ነው፣ ውዱ ነገርም ማመቂያ ቅርጹ ነው። የጥርሱን ቅርጽ ሳይነኩ ውፍረቱን ብቻ ቢቀይሩ በአንድ ቅርጽ 12፣ 15 እና 18 ሲሲ ማውጣት ይቻላል።

የመጨረሻው ስለሚገጥመው ሰው አለማሰብ ነው። ቶርክ ኮንቨርተሩ በትክክል ሲገባ አንገቱ ላይ ያሉት ቁርጥ ቦታዎች ከፓምፑ የውስጥ ጥርስ ጋር ይያያዛሉ። ነዳፊው መግቢያውን ስል አድርጎት፣ ሰያፍ ሳያበጅለት ከቀረ በእጅ ሲገፉት የገባ ይመስላል። ከዚያ መካኒኩ ካምቢዮውን ከሞተሩ ጋር በብሎን እየሳበ ያጠብቃል። አንድ ጋራዥ ውስጥ አዲስ ፓምፕ ሞተሩ ገና ሳይነሳ እንዲህ ሲሰበር አይቻለሁ፤ ድምፁ ዋልነት እንደመስበር ነው። ከዚያ ቀን ወዲህ እዚያ ቤት ብሎን ከመታሰሩ በፊት ከካምቢዮው ጠርዝ እስከ ኮንቨርተሩ ያለው ርቀት በማስመሪያ ይለካል።